ለአማርኛ ጽሕፈት የሚመች ሜካኒካል ኪቦርድ አመራረጥና አስተካከል

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በቀን ብዙ ሰዓት በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች ነው፤ ለተርጓሚዎች፣ ለጋዜጠኞች፣ ለፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ ለአርታዒዎች፣ እንዲሁም ከኮድ ሥራቸው ጎን ለጎን ሰነድና ደብዳቤ በአማርኛ ለሚያዘጋጁ የሶፍትዌር ባለሙያዎች። የሜካኒካል ኪቦርድ ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ስዊቹ (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ስላለው ተጫኝ መሣሪያ) ቀለም፣ ስለ ድምፁና ስለ መብራቱ ነው። የእጅ አንጓንና የትንሿን ጣት ድካም የሚቀንሱት ግን የኪቦርዱ ስፋት፣ ለሁለት መከፈሉ፣ የውስጥ ጠርዙ መነሳቱ፣ ከፍታው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአውራ ጣት የተሰጠው ሥራ ናቸው። አማርኛን በላቲን ፊደላት ድምፅ እየተመሩ የሚጽፉ ሰዎች ሺፍትን ከእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይልቅ ደጋግመው ስለሚጫኑ፣ የአውራ ጣት ጉዳይ እኛን በተለየ ሁኔታ ይመለከተናል፤ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁትም ለእሱ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ከመግዛትዎ በፊት እጅዎን ይመልከቱ

እንደ ልማድዎ ተቀምጠው አንድ ገጽ ያህል ሲጽፉ ሌላ ሰው በስልክ ከላይና ከጎን እንዲቀርጽዎ ያድርጉ። በቪዲዮው ላይ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መዳፍ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ መታጠፉ ነው፤ ሁለቱ እጆች በጠባቡ የፊደል ቦታ ላይ ለመገናኘት ከትከሻ ወደ መሀል ይመጣሉ፣ ከዚያም ጣቶች ከቁልፎቹ ጋር ቀጥ እንዲሉ አንጓው ወደ ውጭ ይታጠፋል። ሁለተኛው የእጅ ጀርባ ወደ ላይ መቀልበሱ ሲሆን፣ ኪቦርዱ ወፍራም ሲሆን ወይም የኋላ እግሮቹ ሲዘረጉ ይብሳል። ሦስተኛው ክንድ ተጠምዝዞ መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ጠረጴዛው መገልበጡ ነው። ከሦስቱ የትኛው በእርስዎ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የትኛውን የኪቦርድ ባሕርይ ማስቀደም እንዳለብዎ የሚወስነው እሱ ነውና።

ወንበርና ጠረጴዛ ካልተስተካከሉ የትኛውም ኪቦርድ አይረዳም። ክርንዎ በ90 ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ አንግል ተከፍቶ፣ ትከሻዎ ሳይነሳ፣ ክንድዎ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የተለመደው የጽሕፈት ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው፣ ቁመቱ ረጅም ላልሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ከእግር ሥር ጠንካራ መርገጫ ማስቀመጥ ይገባል። በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ደግሞ ኪቦርዱን ለብቻው ሲያደርግ ስክሪኑን በመጽሐፍ ወይም በማቆሚያ ወደ ዓይኑ ትይዩ ማንሳት ይችላል፤ ለአንገት የሚሰጠው እረፍት ብቻውን ተጨማሪ ኪቦርድ መግዛትን ተገቢ ያደርገዋል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ስፋቱን ይወስኑ

ሙሉ መጠን ያለው ኪቦርድ 104 ወይም 105 ቁልፎችና 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል ማውሱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው፣ ማውስ በተነካ ቁጥር የቀኝ ትከሻ ይከፈታል። የቁጥር ክፍሉ የሌለበት ባለ 87 ቁልፍ ኪቦርድ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 61 ቁልፉ ደግሞ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ለጽሕፈት ሥራ ባለ 87 ቁልፉ ወይም ከእሱ ትንሽ የሚያንሰው ይበቃል። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆኑና የቁጥር ክፍሉን መተው ካልቻሉ፣ ራሱን የቻለ የቁጥር ሰሌዳ ለብቻው ገዝተው ከኪቦርዱ በስተግራ ያስቀምጡት።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ይስማማዎት እንደሆነ ይሞክሩ

ወደ ውጭ የሚታጠፍ አንጓን ከምንጩ የሚያስተካክለው ኪቦርዱን ለሁለት መክፈል ነው። እያንዳንዱ እጅ በትከሻው ትይዩ ስለሚያርፍ መዳፍ ከክንድ ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ ያላቸው የእንግሊዙ ማልትሮንና የአሜሪካው ኪኔሲስ ናቸው፤ ከእነሱ ኋላ ኤርጎዶክስ፣ ሙንላንደርና ሌሎችም መጥተዋል። አሊስ በሚባለው ዓይነት ደግሞ አካሉ አንድ ሆኖ የግራና የቀኝ ቁልፎቹ ብቻ አንግል ይዘው ይለያያሉ። አሊስ ከተለመደው ኪቦርድ እምብዛም ስለማይርቅ ለመልመድ ይቀላል፤ ነገር ግን በሁለቱ እጆች መካከል ያለውን ርቀት እንደ ትከሻዎ ስፋት ማስተካከል አይቻልም።

እነዚህ ኪቦርዶች ውድ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ማስመጣት ወይም ከሚመጣ ዘመድ ጋር ማስላክ ስለሚጠይቁ፣ ካልተስማሙ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሁለት ተራ ኪቦርዶችን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙ፤ አንዱን በግራ እጅዎ ብቻ፣ ሌላውን በቀኝ እጅዎ ብቻ እየተጠቀሙ ለጥቂት ቀናት ይጻፉ። ዊንዶውስ ላይ በአንዱ ኪቦርድ የተጫኑት ሺፍት በሌላው ላይ ለተጫኑት ፊደል ስለሚሠራ ሙከራው ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ይሳካል፤ በማክ ግን ይህ በቀጥታ አይሠራም። መጀመሪያ ሁለቱን ኪቦርዶች ሳያራርቁ በየአቅጣጫቸው ጥቂት ያዙሯቸው፤ ከዚያ ክንዶችዎ ቀጥ ብለው ወደ ፊት እስኪዘረጉ ድረስ ቀስ በቀስ ያራርቋቸው። ምቾት ያገኙበትን ርቀት በሜትር ለክተው ይያዙት፤ የሚገዙት ኪቦርድ ማገናኛ ገመድ ቢያንስ ያን ያህል መድረስ አለበት።

ይህ ሙከራ የጣት ልማድዎንም ያወጣልዎታል። በተከፈለ ኪቦርድ ላይ የ«በ» ቁልፍ (B) በግራው ግማሽ፣ የ«የ» ቁልፍ (Y) ደግሞ በቀኙ ግማሽ ይገኛል። ብዙ ሰው «በ»ን በቀኝ ሌባ ጣቱ መጫን ለምዷል። በአማርኛ «በ» እና «የ» የስንቱ ቃል መነሻ እንደሆኑ ሲታሰብ ይህ ልማድ በየመስመሩ ያደናቅፋል። ልማዱን መተው ካልፈለጉ፣ «በ»ን በሁለቱም በኩል የሚያስቀምጡ የአሊስ ዓይነት ኪቦርዶች አሉ።

አራተኛ እርምጃ፦ የውስጥ ጠርዞቹን ያንሱ

ክንድዎ ተጠምዝዞ እንደሚገለበጥ በቪዲዮው ላይ ካዩ፣ የእያንዳንዱን ግማሽ የውስጥ ጠርዝ፣ ማለትም በአውራ ጣት በኩል ያለውን፣ ከፍ ማድረግ ጥምዛዜውን ያላላል። እጅ ለሰላምታ ሲዘረጋ የሚይዘው ቅርፅ ለክንድ የተፈጥሮ እረፍቱ ነው፤ ግቡ ቁልፎቹ እስከሚታዩና ጣቶች ያለ ጭንቀት እስከሚደርሱ ድረስ ወደዚያ መቅረብ ነው። በ5 ዲግሪ ይጀምሩ። የአንዱ ግማሽ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የውስጥ ጠርዙን 1.3 ሴንቲ ሜትር ማንሳት 5 ዲግሪ ያህል ይሰጣል፤ 2.6 ሴንቲ ሜትር 10 ዲግሪ፣ 3.9 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 15 ዲግሪ ይሆናል። የተዘጋጀ እግር ከሌለው ወፍራም ካርቶን ወይም ቁራጭ እንጨት ከሥሩ አስገብቶ እንዳይንሸራተት ላስቲክ ማልበስ ይበቃል። በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ይሂዱ፤ እጅዎን በአየር ላይ አንጠልጥለው መያዝ ከጀመሩ ወይም ትከሻዎ ከተነሳ አልፈዋልና ይመለሱ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከፍታውንና ዝንባሌውን ያስተካክሉ

በመጀመሪያ የኪቦርዱን የኋላ እግሮች አጥፈው ያስገቡ። እነዚህ እግሮች የኋለኛውን ረድፍ ወደ ላይ ስለሚያነሱት የእጅን ጀርባ ይበልጥ ይቀለብሱታል፤ ለጤና የሚጠቅሙበት ሁኔታ እምብዛም የለም። ሜካኒካል ኪቦርድ በባሕርዩ ከላፕቶፕ ቁልፎች በጣም ይወፍራል። የተለመደው የቼሪ ኤምኤክስ ስዊች ቁልፍ እስከ ታች 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው የስዊቹ አካልና ከላዩ የሚደረበው ክዳን ሲጨመሩ የመዳፍ መነሻ ከቁልፎቹ የላይ ገጽ ብዙ ዝቅ ብሎ ይቀራል። አጭር ስዊች ያላቸው ኪቦርዶች ይህን ልዩነት ይቀንሱታል፤ የቼሪ አጭሩ ስዊች 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ቾክ የሚባለው የኬይል የመጀመሪያ ስዊች ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንጓዎ ወደ ላይ የሚቀለበስ ከሆነ ከስዊች ቀለም በፊት መመርመር ያለበት ይህ ነው።

ወፍራም ኪቦርድ አስቀድመው የገዙ ሰዎች የመዳፍ ማሳረፊያ ያስፈልጋቸዋል። ማንኛውም አናጺ ከዋንዛ ወይም ከሌላ ለስላሳ እንጨት ሊሠራልዎ ይችላል፤ ከፍታው ከኪቦርዱ የፊት ጠርዝ ጋር እኩል፣ ጥልቀቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዞቹ የተከረከሙና በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሱ ይሁኑ። ማሳረፊያው ላይ የሚያርፈው የመዳፍ ወፍራም ሥጋ እንጂ አንጓው አይደለም፤ ከአንጓው ሥር ጅማቶችና ወደ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉና ያን ቦታ በጠንካራ ነገር ላይ መጫን ጉዳት አለው። የሚያርፉትም ሲያስቡ ወይም ሲያነቡ ነው፤ እየጻፉ ሳለ መዳፍ ከማሳረፊያው ትንሽ ተነስቶ ከክንድ ጋር መንቀሳቀስ አለበት።

የቁልፍ ክዳኖች ቅርፅም ከከፍታ ጋር ይያያዛል። ረጃጅም ክዳኖች መልካም ገጽታ አላቸው፤ ሆኖም እጅን ይበልጥ ያነሳሉ። ፊደላችን የታተመባቸውን ክዳኖች የሚፈልጉ ሰዎች መኖራቸውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ቁልፍ ለማየት ማጎንበስ አንገትን ስለሚጎዳ፣ በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ያሉትን ጉብታዎች በሌባ ጣቶች እየዳሰሱ ሳያዩ መጻፍን መልመድ ይሻላል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የቁልፎቹን አሰላለፍ ይምረጡ

በተለመደው ኪቦርድ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ ከላይኛው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህ አሰላለፍ በ1874 ሬሚንግተን ለገበያ ካቀረበው የጽሕፈት መኪና የወረደ ነው፤ ከቁልፎቹ ሥር የሚያልፉት ዘንጎች እንዳይጋጩ የተደረገ እንጂ ከጣቶች አሠራር ጋር ግንኙነት የለውም። ጣቶች የሚታጠፉትና የሚዘረጉት በቁመት ነው። ስለዚህ ቁልፎቹን በዓምድ አሰልፎ የመሀል ጣትን ዓምድ ከፍ፣ የትንሿን ጣት ዓምድ ዝቅ የሚያደርግ ኪቦርድ የጣትን የጎን መንፈራገጥ ይቀንሳል። ኪኔሲስና ማልትሮን ከዚህም አልፈው ቁልፎቹን በጎድጓዳ ቅርፅ ስላስቀመጧቸው ጣት ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ረድፍ ለመድረስ የሚሄደው መንገድ አጭር ነው።

የአሰላለፍ ለውጥ መልመጃው ረጅም ነው፤ ሳምንታትን ይወስዳል። የተለመደው የቁልፍ ርቀት ከመሀል እስከ መሀል 19.05 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የሚፈልጉትን ኪቦርድ ምስል በዚሁ ልክ አትመው እጅዎን ወረቀቱ ላይ በማሳረፍ ጣቶችዎ የት እንደሚደርሱ ማየት ይችላሉ። እጃቸው ትንሽ የሆኑ ሰዎች በተለይ የአውራ ጣት ቁልፎቹን ርቀት በዚህ መንገድ ይፈትሹ፤ የኤርጎዶክስ የአውራ ጣት ቁልፎች ለትንሽ እጅ ይርቃሉ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሺፍትን ለአውራ ጣት ይስጡ

ከጣቶች ሁሉ ብርቱው አውራ ጣት በተለመደው ኪቦርድ ላይ የሚሠራው ስፔስን መጫን ብቻ ነው። ሺፍት፣ ኮንትሮል፣ ኢንተርና ባክስፔስ ሁሉ ደካማዋ ትንሿ ጣት ላይ ተጭነዋል። በእንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል የሚያስፈልገው በአረፍተ ነገር መጀመሪያና በስሞች ላይ ስለሆነ ጫናው መጠነኛ ነው። በድምፅ ላይ በተመሠረቱት ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ግን ጠ፣ ጨ፣ ኘና ጰን የመሰሉ ፊደላት የሚወጡት በሺፍት ሲሆን፣ ኃምስ የሚባለው አምስተኛው ድምፅም በትልቁ የላቲን ኢ (E) ይጻፋል። «ጤና» ለማለት ትልቁ ቲና ትልቁ ኢ በተከታታይ ይፈለጋሉ። አራት ነጥብም ሁለት ጊዜ በሚጫን ሁለት ነጥብ በሚወጣባቸው መጻፊያዎች ላይ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር የሚዘጋው በሺፍት ነው። ገጽ በገጽ ሲጠራቀም ትንሿ ጣት የምትሸከመው ይህን ሁሉ ነው።

አሁን ባለዎት ኪቦርድ ሊያደርጉት የሚችሉት የመጀመሪያ ነገር በሁለቱም ሺፍቶች መጠቀም ነው። ፊደሉ በግራ እጅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቲ፣ ሲና ኢ፣ ሺፍቱ የቀኙ ይሁን፤ ፊደሉ በቀኝ እጅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤንና ፒ፣ የግራው ይሁን። ሁሉንም በግራው ሺፍት ብቻ የሚሠራ ሰው አንድ እጁን በአንድ ጊዜ ጨምቆም ዘርግቶም ያሠራዋል።

የተሟላው መፍትሔ በፕሮግራም የሚቀየር ኪቦርድ ነው። ሲገዙ ኪውኤምኬ በሚባለው የውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራና ቪያ ወይም ቪያል በሚባሉት የቁልፍ ማስተካከያ ፕሮግራሞች የሚስተካከል መሆኑን ያረጋግጡ። ለውጡ የሚቀመጠው በኪቦርዱ ውስጥ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ የሚያየው ተራ ሺፍት ነው፤ የአማርኛ መጻፊያዎ ምንም ይሁን ምን ይሠራል፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄዱም አብሮዎት ይሄዳል። ከስፔስ አጠገብ ካሉት የአውራ ጣት ቁልፎች አንዱን ሺፍት ያድርጉት፤ ከተቻለም አንድ ጊዜ ተነክቶ ለሚቀጥለው አንድ ፊደል ብቻ የሚሠራውን ዓይነት ሺፍት ይምረጡ። ይህ ዓይነቱ ሺፍት ነካ ተደርጎ ሲለቀቅ የሚቀጥለውን ፊደል ትልቅ ያደርጋል፤ ተይዞ ሲቆይ ደግሞ እንደ ተለመደው ሺፍት ስለሚሠራ «ጤ»ን በአንድ አያያዝ መጻፍ ይቻላል። ፕሮግራም የማይቀበል ኪቦርድ ያላቸው ሰዎች ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ በመጫን የሚመጣውን የስቲኪ ኪይስ አገልግሎት ሊያበሩ ይችላሉ፤ ከትንሿ ጣት አያላቅቅም፣ ነገር ግን ሺፍትን ይዞ ሌላ ቁልፍ የመጫንን ጫና ያስቀራል።

ሺፍትን በመሀለኛው ረድፍ ፊደላት ላይ ደርቦ፣ ነካ ሲደረግ ፊደል፣ ሲቆይ ሺፍት እንዲሆን ማድረግም ይቻላል። በኪውኤምኬ ሁለቱን የሚለየው ጊዜ ሳይቀየር ሲተው 200 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ለአማርኛ ይህን አልመርጠውም፤ ተነባቢና አናባቢ በፍጥነት ስለሚከታተሉ ፊደሉ ሺፍት ሆኖ የሚወጣበት አጋጣሚ ይበዛል።

ከሺፍት ቀጥሎ ወደ አውራ ጣት መምጣት ያለበት ባክስፔስ ነው፤ የተሳሳተ አናባቢ ሙሉውን ፊደል ደምስሶ እንደገና መጻፍን ስለሚጠይቅ ከሌሎች ቁልፎች ይበልጥ ይሠራል። አራት ነጥብን የሚያወጡትን ሁለት ጭነቶች በአንድ ቁልፍ ላይ ማክሮ አድርገው ያስቀምጡ። ካፕስ ሎክን ደግሞ ወደ ኮንትሮል ይቀይሩት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ስዊቹን ይምረጡ

ስዊች ሦስት ዓይነት ነው፤ ያለ እንቅፋት የሚወርድ፣ በመሀል በጣት የሚታወቅ ጉብታ ያለው፣ እና ከጉብታው ጋር ድምፅ የሚሰጥ። ከቼሪ ስዊቾች ያለ እንቅፋት የሚወርደው ቀዩ 45፣ ጉብታ ያለው ቡናማው 55፣ ድምፅ የሚሰጠው ሰማያዊው 60 ሴንቲኒውተን ጉልበት ይጠይቃሉ። ቀዩና ቡናማው 2 ሚሊ ሜትር፣ ሰማያዊው 2.2 ሚሊ ሜትር ሲወርዱ ፊደሉ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ቁልፉን እስከ መጨረሻው መደብደብ አያስፈልግም። ጉብታ ያለው ስዊች ፊደሉ መመዝገቡን ለጣት ስለሚነግር ቀስ ብሎ መንካትን ለመልመድ ይረዳል። ስዊቹ ሳይበየድ የሚነቀልበት ኪቦርድ ከገዙ፣ ለትንሾቹ ጣቶች ቁልፎች ቀለል ያለ፣ አውራ ጣት ለሚያርፍባቸው ደግሞ ጠንከር ያለ ስዊች ማድረግ ይችላሉ። ቢሮ ከሌሎች ጋር የሚጋሩ ከሆነ ሰማያዊውን ይተዉት።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ቀስ ብለው ይልመዱት

ሁለቱ ግማሾች በክብ የድምፅ ገመድ ዓይነት ማገናኛ የሚያያዙ ከሆነ፣ ኪቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተሰካ ገመዱን አይንቀሉ፣ መልሰውም አይሰኩት፤ ውስጡ በአጭር ዙር ሊቃጠል ይችላል። የቁልፍ አቀማመጡን ፋይልም በኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ።

በመጀመሪያው ሳምንት በአዲሱ ኪቦርድ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አጣዳፊ ባልሆነ ሥራ ላይ ብቻ ይጻፉ፤ የቀረውን በአሮጌው ይሥሩ። ክፍፍሉን፣ የጠርዙን ከፍታና የሺፍቱን ቦታ በአንድ ቀን አይለውጡ፤ አንዱ ሳይለመድ ሌላው ከተጨመረ የሚያመው ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። አዲስ አቀማመጥ እስካሁን ያልሠሩ ጡንቻዎችን ስለሚያሠራ ቀላል ድካም ይጠበቃል፤ ስል ሕመም ግን አይጠበቅም። በየግማሽ ሰዓቱ እጅን ከኪቦርዱ አንስቶ መቆምና ትከሻን ማዞር ይገባል።

ኪቦርድ መድኃኒት አይደለም። የጣት መደንዘዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የእጅ ሕመም፣ ወይም ዕቃ ከእጅ የሚያስጥል ድካም ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሲሄዱም በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጽፉና የሚደነዝዙት የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ለይተው ይንገሩት፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ከሆኑ ጫናው ብዙውን ጊዜ በአንጓው መተላለፊያ በሚያልፈው ነርቭ ላይ ነው፣ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆኑ ደግሞ በክርን በኩል በሚያልፈው ነርቭ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።